ከካብ ሥር የተነሣው ጥድ

በዚህ ዐምድ እስከ ዛሬ ስለ ጎመንና ስለ ጌሾ፥ ስለ ጤና አዳምና ስለ ዶሮ ቤት ስንጽፍላችሁ ቈይተናል። ዛሬ ግን ለወጥ የማይገባ፥ ለጥላም የማይበቃ፥ ቁመቱ ከአንድ ክንድ ከስንዝር የማያልፍ አንድ ጥድ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ‹‹ይህ ደግሞ ለቤተ ሰብ ምን ይፈይዳል?›› የሚል ሰው ቢኖር አንቀየምም፤ የዛፉ ባለቤት የሆኑት እናትም በመጀመሪያ ያሉን ይህንኑ ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው በሰቆጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ በከተማው ዳር ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ የድንጋዩ ካብ ሆዱን ነፍቶ ሊወድቅ ስለ ደረሰ፥ ቤተ ሰቡ አፍርሶ እንደ ገና ሊክበው ተነሣ። ከካቡ ሥር፥ በሁለት ድንጋዮች መካከል፥ አንድ ጥድ በቅሎ ነበር። ዕድሜውን በእርግጥ የሚናገር አልተገኘም፤ የቤቱ እመቤት ግን ‹‹እኔ ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ቤት ስገባ ነበረ፤ ያን ጊዜም እንዲሁ አጭር ነበረ›› አሉን። ግንዱ የጐልማሳ ክንድ ያህል ወፍሯል፤ አንደኛው ወገኑ በድንጋይ ተጭኖ ደርቋል፤ ጫፉን ፍየሎች በየዓመቱ ስለ ቀነጠቡት ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ጎን ተጣሟል። አንዱ ቅርንጫፉ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ወደ መሬት ወርዶ ነበር። ቅጠሉም ሁሉ በየጫፉ ብቻ ተሰብስቦ መካከሉ ራቁቱን ቀርቷል። የአበርገሌን ፍየል የሚያውቅ ሰው ዛፉ ከሥሩ ስላልጠፋ ይደነቃል እንጂ ስለ መጣመሙ አይፈርድበትም። ግንበኛው መጥረቢያውን አንሥቶ ‹‹ይህስ ለማገዶም አይሆን!›› አለ። እኛ ለመንነው።

የለመንንበትም ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ መጽሐፍ ላይ ጃፓናውያን ቦንሳይ የሚሉትን ዛፍ በፎቶግራፍ አይተን ነበር። ቦንሳይ ማለት በእነርሱ ቋንቋ በሳሕን የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና የመጣ ሲሆን፥ በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ706 ዓ.ም. በተሠራ የአንድ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ድንጋይና ትንንሽ ዕፀዋት ያሉበትን ሳሕን ተሸክሞ የሚሄድ አገልጋይ ተሥሎ ይገኛል። ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻግሮ በዚያ ሥር ሰደደ። ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ የሚገኝ አንድ ነጭ የሚባል የጃፓን ዝግባ መሰል ዛፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1625 ዓ.ም. ጀምሮ በሰው እጅ የተያዘ ነው። በሂሮሺማ የሚኖሩ ያማኪ የተባሉ አትክልተኞች በየትውልዱ ሲጠብቁት ኖረው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ ወር 1945 ዓ.ም. የአቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በግቢያቸው ቅጥር ስለ ተከለለ ተረፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ማሳሩ ያማኪ ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጡት። የተረፈበት ታሪክ በዚያ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የልጅ ልጆቻቸው ዛፉን ሊያዩ በሄዱ ጊዜ ተናገሩ። እኛም የሰቆጣውን ጥድ ከካቡ ሥር ባየን ጊዜ ትዝ ያለን ይህ ነው።

ለቦንሳይ ከሚመረጡት ዕፀዋት ሁሉ ጥድ የከበረ ቦታ አለው። ጃፓናውያን ሺምፓኩ የሚሉት ጥድ በተራራ ገደል ላይ በበረዶና በነፋስ እየተቀጣ፥ ግማሹ ሞቶ ግማሹ እየኖረ የሚበቅል ነው። በቀድሞው ዘመን ፈላጊዎቹ ወገባቸውን በገመድ ታጥቀው በገደሉ ላይ እየተንጠለጠሉ ያወጡት ነበር። ወደ ደብረ ዳሞ በገመድ የወጣ አንባቢ ሁኔታውን ሳንነግረው ያስበዋል፤ ልዩነቱ እነዚያ ዛፍ ተሸክመው መመለሳቸው ነው። በዚህ አኳኋን ከገደሉ ያለቀው ዛፍ ብዙ በመሆኑ ዛሬ የዱሩ ሺምፓኩ ብርቅ ሆኗል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ሥራ በዘመናችን ስሙ የገነነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. የተወለደው ማሳሂኮ ኪሙራ ነው። በ15 ዓመቱ ኦሚያ በተባለው የቦንሳይ መንደር ለደቀ መዝሙርነት ገብቶ 11 ዓመት መምህሩን አገለገለ። የቆሎ ተማሪነትን የሚያውቅ ሰው ይህን ቍጥር በቀላሉ አያልፈውም። ኪሙራ ሰዎች ተስፋ የቈረጡበትን ጥድ ተቀብሎ፥ የደረቀውን እንጨት በመሣሪያ እየቀረጸ፥ ሕያው የሆነውን ቅርንጫፍ እየጠመዘዘ፥ ባለቤቱ እንኳ እስከማያውቀው ድረስ መልኩን በመለወጥ ታወቀ። አንዳንዶች ‹‹ይህ አትክልተኝነት ሳይሆን ሐውልት ማነጽ ነው›› እያሉ ይነቅፉት ነበር። ነቀፌታው ከእውነት የራቀ አይመስለንም፤ ነገር ግን ሐውልት ውኃ አይጠጣም፤ የእርሱ ዛፎች ይጠጣሉ።

ወደ አገራችን ጥድ እንመለስ። የአበሻ ጥድ ከፈረንጅ ጥድ የተለየ ዘር ነው፤ በየመንገዱ ዳርና በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ የሚታየው ቀጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የመጣው ነው። የእኛው ጥድ ከዐረብ ተራሮች ጀምሮ በኢትዮጵያና በኬንያ አድርጎ እስከ ዚምባብዌ ደጋዎች ድረስ ይገኛል። ሲመቸው ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው፤ እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚና ለቤት ምሰሶ የተመረጠ ነው። ይህ የእንጨቱ ጽናት ለቦንሳይ ሠሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሞተው ክፍል ሳይበሰብስ ለብዙ ዘመን ስለሚቈይ ከሕያው ጋር አብሮ ሊታይ ይችላልና።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንግባ። ዛፉን ከድንጋዮቹ መካከል ስናወጣ በምሥራቅ በኩል አንድ ወፍራም ሥር ከታች ገብቶ አልላቀቅ አለን። ዝናብ ሊመጣ ደመናው ከብዷል፤ ግንበኛውም ቆሞ ይጠብቃል። ሥሩን በመጋዝ ቈረጥነው። ‹‹ሌላ ሥር ብዙ አለው›› ብለን ተጽናናን። ዛፉን በተሰበረ ጋን ታችኛው ግማሽ ውስጥ፥ ቂጡን በምስማር ሦስት ቦታ በስተን፥ ከወንዝ በመጣ በወንፊት በተነፋ ደቃቅ ጠጠርና ጥቂት የበሰበሰ ፍግ ተከልነው። ክረምቱን በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ከረመ። እኛም ተመካን።

በጥር ወር 2004 ዓ.ም. የምሥራቁ ቅርንጫፍ ቀለሙ እንደ ሻገተ ናስ ሆነ፤ በየካቲት ነጣ፤ በመጋቢት ሲነኩት ይረግፍ ጀመር። የሞተው ግን በጥር አልነበረም፤ መጋዙ ሥሩን የቈረጠ ዕለት ነው። ጥድ ሞቱን ይደብቃል። ከተቈረጠ በኋላ እንኳ ለወራት አረንጓዴ መስሎ ይቈያልና፥ ዛሬ የሠራኸውን ስሕተት የሚነግርህ ረስተኸው ከተቀመጥህ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ፥ በጥድ ላይ አንዱ ሥር የሚመግበው በላዩ ያለውን ቅርንጫፍ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የልጥ መንገድ በግንዱ ላይ እንደ ጅማት ይወጣል። መንገዱን ከቈረጡት፥ ሌላው ወገን ቢጠግብም ያ ቅርንጫፍ በረኃብ ይሞታል። ይህን በመጽሐፍ አንብበነው ነበር። ያወቅነው ግን ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ዛፉን ከማጠጣት በቀር እጃችንን አልጫንበትም። የደረቀውንም ቅርንጫፍ አልቈረጥነውም፤ አፍረን ይሁን ስንፍና ይዞን እንጃ።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ቀረ። ኤል ኒኞ ያመጣው ያ ድርቅ በ2008 ዓ.ም. የዋግ ኽምራን ገበሬ ምን እንዳደረገው የሚያውቅ ያውቀዋል። በግቢያችን ውኃ በጀሪካን እየተገዛ ይገባ ጀመር። በዚያው ሐምሌ ወር መንግሥት ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› የተባለውን ዐውጆ ነበር፤ ይኸውም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2030 ዓ.ም. ፈጽሞ እንዲቀር ለማድረግ ነው። በሰቆጣ ስም መጠራቱ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ምክንያት ይህ አገር ያየውን ሁሉም ስለሚያስታውስ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ጥዱን ስናጠጣ እማማ ከደጃፋቸው ሆነው ተመለከቱንና እንዲህ አሉን፦

‹‹ልጄ፥ ሬዲዮው የእኛን አገር ስም ጠርቶ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ ሲል ሰምቻለሁ። አንተ ደግሞ ዛፉን ሆን ብለህ ታቀነጭረዋለህ። በዚያ ላይ ውኃ ትሰጠዋለህ።››

ይህን የተናገሩት ረኃቡን በዐይናቸው ያዩ እናት ናቸው፤ ልጆችም ቀብረዋል። ወዲያው የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ጣሳውን አስቀምጠን ገባን።

ሌሊቱን ስናስበው ግን ነገሩ እንደሚመስለው አለመሆኑን አገኘነው፤ በነጋታውም ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀምጠን ነገርናቸው። የቀነጨረ ሕፃን ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባለው አንድ ሺህ ቀን ያህል ጊዜ የሚገባውን ምግብ ያላገኘ ወይም በሕመም ተደጋግሞ የተጠቃ ነው። ቁመቱ ብቻ ሳይሆን አእምሮውም ይጎዳል፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢመግቡት የጎደለውን ሁሉ መመለስ አይቻልም። በሳሕን ያለ ዛፍ ግን ተርቦ አይደለም ያጠረው። የተራበ ዛፍ ቦንሳይ አይሆንም፤ ይሞታል። ማጠሩ ሥሩ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚከረከም፥ ጫፉም ስለሚቈረጥ፥ ቦታውም ስለ ጠበበ ነው፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምግቡና ውኃው በጊዜው ሊደርሰው ግድ ነው። ዛሬ ከጋኑ አውጥተን ምድር ብንተክለው ነገ ሽቅብ መውጣቱን ይጀምራል። የማደግ ኀይሉ አልተወሰደበትም።

እማማ ሰምተው ዝም አሉ። ቡናውን ቀዱልን። ከዚያ ‹‹ፍየል አጥሮት እንደ ነበረ ማለት ነው›› አሉ። እንደዚያ ማለታችን ነበር፤ እኛ ያን ያህል አሳጥረን መናገር አልቻልንም ነበር። ስለ ውኃው ግን አልተስማሙም፤ በዚህም እውነት ነበራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥዱ የሚጠጣው ጨው ያልገባበትን የባቄላና የጎመን ማጠቢያ ሆነ፤ እርሱንም የሚያስቀምጡለት እርሳቸው ራሳቸው ሆኑ። ጠጠሩን በጣት እየወጉ እርጥበት ካለ ማለፍ፥ ከደረቀ ማጠጣት ነው፤ ጥድ እግሩ በውኃ ሲያድር አይወድምና፥ ጣሳውን ስለቈጠብን ዛፉ ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም።

የ2008 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ሰጠ። ዛፉም በየጫፉ አዲስ ቅጠል አወጣ። የጃፓን መምህራን የደከመ ጥድ አይነካ ይላሉ፤ መልኩን ለመለወጥ የሚቻለው ጠግቦና ጠንክሮ ሲታይ ብቻ ነው። በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. ጊዜው እንደ ደረሰ ዐሰብንና መሣሪያችንን አቀረብን፦ የጥርስ ብሩሽ፥ ጉጠት፥ አንድ ስለታም ቢላዋ፥ እርጥብ ቃጫ፥ ሰም፥ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ። ሽቦውን ላስቲኩን ልጠን አስቀድመን በፍም አግለን አቀዝቅዘነዋል፤ እንዲህ የተደረገ መዳብ ለስልሶ ይታጠፋል፥ ከታጠፈ በኋላ ደግሞ ይጠነክራል። ላስቲኩን ሳይልጡ እሳት ውስጥ መጣል አይገባም፤ ጢሱ መርዝ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፍነው በማየት ነው። ጋኑን በበርጩማ ላይ አድርገን ዞርነው፥ አዞርነው። ብሩሹን አርሰን የግንዱን ቅርፊት በቀስታ ስናሸው የረገፈው ረግፎ፥ ሕያው የሆነው ልጥ ቀይ ዳማ ሆኖ ወጣ። ሦስት ጣት የሚሰፋ መንገድ ነው፤ ከደቡቡ ሥር ተነሥቶ በግንዱ ጀርባ ዞሮ፥ ያችን እንደ እባብ ወደ መሬት የወረደችውን ቅርንጫፍ ይመግባል። ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል ሞቷል። እኛ ዓመታት ሙሉ የዛፉ አካል ነው ብለን ያየነው ቀጥ ያለው ግንድ ባዶ እንጨት ነበር፤ የዛፉ ሕይወት ያለው ለማገዶ እንኳ አይሆንም በተባለው ጠማማ ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችንን ገለበጥነው። አስቀድመን ያሰብነው ያችን ቅርንጫፍ ቈርጠን ግንዱን ለማቅናት ነበር። ያን አድርገን ቢሆን ኖሮ ዛፉን በገዛ እጃችን በገደልነው፤ እርሱም እንደ ልማዱ አረንጓዴ መስሎ ሦስት ወር ባታለለን። አሁን ግን ቅርንጫፏን ከመሬት አንሥተን በደረቀው ግንድ ዙሪያ አድርገን ወደ ላይ በመውሰድ ራስ ልናደርጋት ወሰንን።

የመጠምዘዙ ሥራ እንዲህ ነው። የሚታጠፈውን ክፍል በእርጥብ ቃጫ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ቃጫው ልጡን ከመቀደድ ይጠብቀዋል። በላዩ ሽቦውን ከታች ወደ ላይ እያገደሙ እኩል እያራራቁ መጠምጠም ነው፤ ከተቀራረበ ያንቃል፥ ከተራራቀ አይዝም። ከዚያ በሁለት እጅ ይዞ፥ አውራ ጣትን በሚታጠፈው ጎን ሥር አድርጎ፥ በትንሽ በትንሹ ማጠፍ። እኛ የቻልነው በአንድ ጊዜ ሩቡን ብቻ ነው። የቀረውን ቅርንጫፏንና የጋኑን አፍ በገመድ አገናኝተን፥ በገመዱ መካከል እንጨት አስገብተን በየሳምንቱ አንድ ዙር እያከረርን ጨረስነው። በአምስተኛው ሳምንት ‹‹ቋ›› የሚል ድምፅ ሰማን። በዚያች ቅጽበት የተሰማንን ነገር ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ተገንጥሎ የቀረባት ሙሽራ ታውቀዋለች። ቃጫውን ፈትተን ስናይ የተሰነጠቀው የውጭው እንጨት እንጂ ልጡ አልነበረም። ስንጥቁን በሰም ደፍነን፥ ገመዱን ጥቂት አላልተን፥ አንድ ወር ተውነው።

ቅጠሉን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጉጉት ነው። ጥድ ከአሮጌ ራቁት እንጨት ላይ አዲስ ቅጠል አያወጣም፤ አንድን ቅርንጫፍ ቅጠል አልባ ካደረጉት ያ ቅርንጫፍ አበቃለት። ደግሞ ኀይሉ ያለው በጫፉ ነውና ጫፍ ጫፉን ሁሉ በጥፍር መቀንጠብ ያደክመዋል። እኛ የደረቀውንና ወደ ታች የተንጠለጠለውን፥ በብብት ውስጥም የታፈነውን ብቻ አነሣን፤ በድምሩ ከሢሶ አይበልጥም። ብዙ የተቈረጠበት ጥድ እንደ ልጅነቱ ሾህ መሰል ቅጠል ያወጣል፤ ይህም ‹‹አስጨነቃችሁኝ›› የሚልበት ቋንቋው ነው።

የቀረው የደረቀው እንጨት ነበር። ጃፓናውያን የደረቀ ቅርንጫፍን ጂን፥ ልጡ ተገፎ የነጣ ግንድን ሻሪ ይሉታል፤ እንጨቱ እንዲነጣና እንዳይበሰብስም ከኖራና ከድኝ ተፈልቶ የተሠራ ውኃ ይቀቡታል። ውኃው የከረመ እንቍላል የሚሸት፥ ቆዳና ዐይን የሚጎዳ ስለ ሆነ ልጆች ባሉበት ግቢ አንመክረውም። የዋግ ፀሐይ ያለ ኖራና ያለ ድኝ ያነጣዋል። እኛ የሞተውን ልጥ በቢላዋ አንሥተን፥ ጫፉን በጉጠት ይዘን እንደ ሥጋ ዘልዛላ እየሰነጠቅን ቀደድነው፤ በመጋዝ የተቈረጠ ጫፍ ሰው የቈረጠው ይመስላል፥ የተቀደደ ግን ነፋስ የሰበረው ይመስላልና። ይህን ስንሠራ በ2004 ዓ.ም. በስሕተታችን የሞተው የምሥራቁ ቅርንጫፍ ከሁሉ ይልቅ አማረ። ማፈራችን ሳይቀር እርሱን መጀመሪያ የሚያይ ሰው የለም ማለት አይቻልም፤ እንግዳ ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ወደ እርሱ ነው።

የራሱን ቅርጽ ስንሰጠው የጃፓኑን ሥዕል አልተከተልንም። እነርሱ ቅጠሉን እንደ ደመና በደረጃ በደረጃ ይደረድሩታል፤ ውብ ነው፥ የእነርሱም ተራራ ያስተማራቸው ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ግራርን በሳሕን ሲያሳድጉ እንደ ሜዳቸው ግራር አናቱን ጠፍጣፋ ያደርጉታል። እኛስ ከማን እንቅዳ? ከሰቆጣ ብዙ ሳንርቅ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ለመሳለም በሄድን ጊዜ በየመንገዱ ቆም እያልን ተመለከትን። በዋግም ሆነ በጎረቤቱ በላስታ፥ እርሻውና ግጦሹ ተራቍቶ ሳለ ከሩቅ አረንጓዴ ክምር ሲታይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን እንግዳ ሰው እንኳ ይረዳል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ዙሪያ ያሉትን አሮጌ ጥዶች ያየ ሰው ጥድ በሰላም ከኖረ ምን እንደሚሆን ያውቃል። በገደሉ አፋፍ ያሉት ግን ሌላ ናቸው፤ በነፋሱ ወገን ግንዳቸው ነጥቶ ተራቍቷል፥ ቅጠላቸው በአንድ ጎን ተሰብስቦ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ አናቱ ተስተካክሏል። የእኛን ጥድ እነዚህን አስመሰልነው።

ስለ ገደሉ ሺምፓኩ እንመለስበታለን ያልነው እዚህ ላይ ነው። ይህን ያነበበ ወጣት ነገ ዶማ ይዞ ወደ ደብሩ ዐፀድ እንዳይሄድ። በደብር የተጠበቀ ጥድ ትልቁም ትንሹም የደብሩ ነው፤ በዚህ አገር ከተረፈው የጥድ ዘር ብዙው ያለው በዚያ ነው፤ የሚተካውም ከዛፎቹ ሥር በምትበቅለው ችግኝ ነው። የዱር ጥድም ቢሆን ሲነቀል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ለመማሪያ የሚሆን ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ይገኛል፤ ሲጠይቁ ‹‹የአበሻ ጥድ›› ማለት ነው። ቤት ሊሠራበት ወይም ካብ ሊካብበት ሲባል የሚቈረጥ ጥድ ከተገኘ ግን ባለቤቱን ለምኖ፥ በሰኔ መግቢያ፥ ሥሩን ከነዐፈሩ በሰፊው ቈፍሮ ማውጣት ነው። መጋዝ ለማንሣት አትቸኵሉ። ተክሉም ከተተከለ በኋላ ደጅ፥ ፀሐይ በሚያገኝበት ይቀመጥ፤ ጥድ የሳሎን ጌጥ አይደለም። ለበዓል ቀን ለእንግዳ ማሳያ ቢያስገቡት በማግስቱ ያውጡት። ሽቦውም ልጡን መብላት ሲጀምር ሳይፈቱት በጉጠት ቈራርጦ ማንሣት ይገባል፤ የእኛን በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ስናነሣ ሁለት ቦታ ዘግይተን ነበርና ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

በ2010 ዓ.ም. ሥራችን ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ጥዱን ይዘን አልመጣንም። የተነሣው ከእማማ ካብ ሥር ነው፤ የጠጣውም የእርሳቸውን ባቄላ ማጠቢያ። ጋኑን ከደጃፋቸው በስተ ቀኝ፥ ጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ተሰነባበትን።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ወራት አለፉ። እንደ ገና ድምፃቸውን የሰማን ዕለት ስለ ሰዉ ጠየቅን፤ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ አንድ በአንድ ነገሩን። ስለ ዛፍ መጠየቅ አፍረን ዝም አልን። ሊዘጉ ሲሉ ራሳቸው አነሡት።

‹‹ጥድህ አለ። እኛ ሸሽተን ሳለ የሰው ፍየል ገብታ የታችኛዋን ቅርንጫፍ ጨርሳታለች።››

‹‹ደረቀች?›› አልናቸው።

‹‹ደረቀች እንጂ። አልቈረጥኋትም ግን። ልጧን ልጬ፥ ጫፏን በጉጠት ቀድጄ ተውኋት፤ አሁን ነጥታለች›› አሉን።